ሦስት ሹም፣ አንድ ጋቢና

ሰው የሚኮራበት ነገር አያጣም። አንዱ በልጁ ይኮራል፣ አንዱ በበሬው ይኮራል፣ አንዱ ደግሞ በምንም የማይኮራ ትሑት በመሆኑ ይኮራል። የግዥ ሠራተኛ እንደ ወጉ መኩራት ያለበት በገዛው ነው። ጂንካ ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩትን ብትጠይቋቸው አንዱ «አዳራሹ ውስጥ ያሉትን ወንበሮች ያስመጣሁት እኔ ነኝ» ይላችኋል። ሌላው ኮምፒውተሮቹን ያሳያችኋል። ሦስተኛው ማንም ሊያስነሳው ያልቻለውን፣ ከመጋዘን ወጥቶ የማያውቀውን ማሽን እንኳ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ያስጎበኛችኋል። እኔን ብትጠይቁኝ ግን የማሳያችሁ የለኝም። ፀጉሬ እስኪሸብት በቆየሁበት ሥራ አንጀቴን ያራሰው አንድ መኪና ነው፤ እሱንም አልገዛሁትም።

በእኛ አገር መኪና መሄጃ ብቻ አይደለም፤ መታያም ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ያሉት የድሮ ሰዎች ዛሬ ቢኖሩ ተረቱን ስለ መኪና ይተርቱት ነበር። አንድ ሰው ጠዋት ቢሾም ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ የሚጠይቀው ምን ሊሠራ እንዳሰበ አይደለም፤ «መኪና ያዘ?» ብሎ ነው። ስለዚህ በሹሞቻችን ብዙ አልፈርድም። እኔ ራሴ ገና በጎረምሳነቴ ከደሴ ደቡብ ኦሞ ስመደብ እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «መኪና ሰጡህ ወይ?» ብላ ነበር። «ብዙ» አልኳት። የሰጡኝ የመኪና ጎማ ግዥ ፋይል ነበር።

የምሠራው «ፑል» በምንለው ክፍል ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች በየግላቸው የግዥ ሠራተኛ ከሚቀጥሩ ይልቅ አንድ ላይ የሚገለገሉበት ክፍል ማለት ነው። ልብ በሉ፤ እኔን በጋራ መጠቀም ማንንም አላስከፋም። መኪና ሲሆን ነው ነገሩ የሚከብደው።

ከምናገለግላቸው መካከል ሦስቱ ናቸው የዚህ ወግ ባለቤቶች። የመሥሪያ ቤቶቹን ስም አልጠራም፤ ብጠራውም እናንተ አንብባችሁ ሳትጨርሱ ሊቀየር ይችላል። አንዱ የከብት ጉዳይ ይመለከተዋል፣ አንዱ የውኃ፣ አንዱ የትምህርት። ኃላፊዎቹንም የከብቱ ሰው፣ የውኃው ሰው፣ የትምህርቱ ሰው እያልን እንሂድ። ሦስቱም ደህና ሰዎች ነበሩ። ሹመታቸው እኩል፣ የሚገቡበት የግቢ በር አንድ፣ መኪናቸው ግን ለየብቻ። ከስብሰባ ውጭ አይነጋገሩም ነበር። በስብሰባም የሚነጋገሩት በሰብሳቢው በኩል ነው።

አንድ ሐሙስ ቀን ከውኃው ሰው ጋር በኦሞ ወንዝ ዳር ወዳለችው ካንጋተን እሄዳለሁ። ለወረዳው የተላከ ዕቃ በትክክል መድረሱን አይቼ ልፈርም ነው። ቀይ አፈር ሻይ ለመጠጣት ስንቆም የከብቱ ሰው መኪና ከፊታችን ቆሟል። ሻዩ ሳይቀርብልን የትምህርቱ ሰው መኪና መጥቶ ከኋላችን ተሰለፈ። ሦስቱም የሚሄዱት ካንጋተን ነው። ኃላፊዎቹ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ተለዋወጡና ሦስት ጠረጴዛ ይዘው ሻያቸውን ጠጡ።

ሐሙስ የቀይ አፈር ገበያ ነው። ማር ይዞ የወጣ፣ ብዙ ጊዜ የምገዛው አንድ የበና ሽማግሌ ሰልፉን አየ፣ አየና ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ማን ሞተች?» አለኝ፤ በእሱ አማርኛ ሰው ሁሉ ሴት ነው።

«ማንም አልሞተም፣ አባባ።»

አላመነኝም። መኪኖቹን አንድ በአንድ በዱላው ጠቆመኝ። «ትልቅ ሰው ነች የሞተች» አለና አዝኖልኝ ሄደ።

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ መንገድ ስንጀምር ግን ወደ እፍረት ተለወጠብኝ። ከኋላችን የሚመጣው መኪና አቧራችንን ይበላል፣ እኛ ደግሞ የፊተኛውን አቧራ እንበላለን። ሦስታችንም የመንግሥት ነዳጅ እያቃጠልን፣ አንዳችን የሌላውን አቧራ እየዋጥን ካንጋተን ገባን።

ጂንካ ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ የግዥ ጥያቄ ጠበቀኝ። «የመስክ ሥራችን በተሽከርካሪ እጥረት እየተስተጓጎለ ስለሆነ አንድ ተጨማሪ ሀርድቶፕ ይገዛልን» ይላል። ጠያቂው የከብቱ ሰው ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏችኋል እንዲህ ነው።

በዚያው ሰሞን ከበላይ አንድ ደብዳቤ ወርዶ ነበር። መሥሪያ ቤቶች ሲገዙ አካባቢን የማይጎዳውን እንዲመርጡ፣ የካርቦን ልቀታቸውንም እንዲቀንሱ ያሳስባል። ደብዳቤው በስብሰባ ሲነበብ አንዱ ባልደረባችን ካርቦን ምን እንደሆነ ጠየቀ። ሰብሳቢያችን ትንሽ አሰበና «ለጊዜው እንደ ጭስ ያዙት» አለ። እንደ ጭስ ያዝነው፤ ማለትም አልያዝነውም። ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ገባ። የሚያሳዝነው፣ ነገሩ ለሌላው ሩቅ ቢሆን እንኳ ለእኛ ሩቅ አለመሆኑ ነው። ዝናብ ሲቀር ከብት አጥንቱ ሲቀር አይተናል። ኦሞ ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ማሽላ የሚዘሩ ሰዎች ወንዙ በጊዜው ሳይመጣ ሲቀር፣ ወይ ከልኩ በላይ ሲመጣ ምን እንደሚሆኑ አይተናል። የሰማዩ ጠባይ መለወጡን ከደብዳቤ አልሰማነውም።

እዚህ ላይ ወይዘሮ ዘነበች ትገባለች። ዘነበች በፑላችን የተሽከርካሪ ስምሪት ሠራተኛ ናት። የትኛው መኪና የት እንደሚሄድ የምትመዘግበው፣ የመውጫ ወረቀት የምትፈርመው እሷ ናት። ከጂንካ በላይ ካለው የአሪ ደጋ የመጣች፣ አማርኛን ትምህርት ቤት የተማረች፣ ስለዚህም ከኛ ከተወለድንበት የበለጠ ተጠንቅቃ የምትናገረው ሴት ናት። ሥራ የጀመረችው መዝገብ ቤት አቧራ እያራገፈች ነው። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራልና እኛም ብዙ ልብ አላልናትም ነበር።

የግዥ ጥያቄው በመጣ በማግሥቱ አንድ ጥቅል ወረቀት ይዛ ገባች።

«ጋሽ ታደሰ፣ መኪናውን ከመግዛትዎ በፊት ይቺን ይዩልኝ።»

ዘረጋችው። ከጂንካ እስከ ካንጋተን ያለውን መንገድ በእጇ ሥላዋለች። በመንገዱ ላይ በቀይ፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ እስክሪብቶ የተሰመሩ መስመሮች አሉ፤ በየመስመሩ አጠገብ ቀኑ ተጽፏል። ሦስቱ ቀለሞች ከጂንካ ተነሥተው እስከ ወንዙ ድረስ እንደ ሹሩባ ተያይዘው ይወርዳሉ።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«የሦስቱ መሥሪያ ቤቶች ጉዞ ነው። እነሱስ አብረው ነው የሚሄዱት። መኪናው ነው የተለያየው።»

«እና ምን ይደረግ ትያለሽ?»

«አንዱ መኪና ይሂድ፣ ሁለቱ ይረፉ።»

«እሺ ይላሉ?»

«መኪኖቹ እሺ ይላሉ» አለችኝ ሳትስቅ። «ሰዎቹን እርስዎ ያናግሩልኝ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፈሪ ነኝ። የግዥ ሠራተኛ አልገዛም ሲል ቄስ አልቀድስም እንዳለ ነው የሚቆጠረው። ሁለት ቀን ወረቀቷን ከመሳቢያዬ እያወጣሁ መለስኩት። በሦስተኛው ቀን የማር ሻጩ ሽማግሌ ሐዘን ትዝ አለኝና ብዕሬን አነሣሁ። «ግዥው ከመፈጸሙ በፊት ለአንድ ወር የጋራ ስምሪት እንዲሞከር» ብዬ ጻፍኩ። ያንን ስለ ጭሱ የመጣ ደብዳቤ ከፋይል አውጥቼ በደጋፊ ሰነድነት አያያዝኩት። ምስኪን ደብዳቤ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አገኘ።

ስብሰባ ተጠራ። የከብቱ ሰው ተቆጥቶ ነበር፤ ቁጣውም ባዶ አልነበረም። «ነገ የከብት በሽታ ቢነሣ ሠራተኛ ለመላክ ወይዘሮ ዘነበችን ደጅ ልጠና ነው?» አለ።

ሰብሳቢው እሷን አያት። ዘነበች ተነሣች። «ለበሽታ የሚሆን አንድ መኪና ነዳጁን ሞልቶ ሁልጊዜ ግቢ ይቆማል። ባለፈው ሐሙስ በሽታ ቢነሣ ኖሮ ሦስቱም መኪና ካንጋተን ነበር» አለችና ተቀመጠች።

የበላይ ኃላፊያችን ብዙ ካሰበ በኋላ አንድ ወር ፈቀደ። ሆኖም ጨመረበት፤ ሙከራው ካልተሳካ መኪናው ይገዛል፣ ወይዘሮ ዘነበችም ወደ መዝገብ ቤት ትመለሳለች። «እሺ» አለች በተረጋጋ ድምፅ። ከአዳራሹ ስንወጣ ግን ያቺን ሥዕሏን ሁለት ጊዜ አጥፋ ሁለት ጊዜ ዘረጋቻት። ተቀብዬ አጠፍኩላት።

የመጀመሪያው የጋራ ጉዞ ቀን ደረሰ። ሾፌሩ ጋሽ ዳና ነው። ከወላይታ መጥቶ በደቡብ ኦሞ አቧራ ያረጀ፣ መንገድ ሲከፋበት የማይሳደብ፣ መዝሙር የሚያዜም ጴንጤ ነው። እኔም ወረዳው የጠየቀውን የጽሕፈት ዕቃ ላደርስ አብሬ ነኝ። ሦስቱ ሹሞች ቦርሳቸውን ይዘው መጡና በመኪናው ዙሪያ ቆሙ። የሚገባ የለም።

ችግሩ ገባኝ። ሹም ሦስት ነው፤ ጋቢና አንድ። ከሾፌር ጎን ያለችውን ያቺን ወንበር የያዘ አለቃ ይመስላል፤ ከኋላ የተቀመጠ ደግሞ የተሳፈረ ይመስላል። እኩል ሹመት ያላቸው ሰዎች እኩል መቀመጫ ይፈልጋሉ፤ ይህን ደግሞ የትኛውም የመኪና ፋብሪካ አላሰበበትም። «እርስዎ ይግቡ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ይባባላሉ፤ ማንም ግን ከጋቢናው በር አይርቅም። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ በትሕትና ተፋጠጡ።

ዘነበች የመውጫ ወረቀቱን ይዛ መጣች። ሁኔታውን አንድ ጊዜ አየችና ወረቀቱ ላይ ጽፋ ለጋሽ ዳና ሰጠችው። ጋሽ ዳና ጮክ ብሎ አነበበ፦ ጋቢና ከጂንካ እስከ ቀይ አፈር የውኃው፣ ከቀይ አፈር እስከ ቱርሚ የትምህርቱ፣ ከቱርሚ እስከ ካንጋተን የከብቱ። በመልስ ጉዞ ተራው ይገለበጣል። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው፤ ማኅተም ላይ ደግሞ ማን ይከራከራል? ገቡ።

እስከ ቀይ አፈር የተሰማው የጋሽ ዳና መዝሙር ብቻ ነው። ቀይ አፈር አንድ ጠረጴዛ ላይ ሻይ ጠጡ፤ መኪናው አንድ ስለሆነ ጠረጴዛ መለያየቱ አሳፈራቸው መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ኮት ወለቀ፣ መስኮት ወረደ፣ ወሬ ተጀመረ። ወሬው መጀመሪያ ስለ ወገብ ሕመም ነበር። መቼም በእኛ መንገድ የተመላለሰ ሰው ሁሉ ወገቡ አንድ ሃይማኖት ነው። ከቱርሚ አለፍ እንዳልን የውኃው ሰው ሊያስቆፍረው ስላሰበው የውኃ ጉድጓድ ማውራት ጀመረ። ቦታው ተመርጧል፤ ከሰፈሩ በስተምዕራብ ነው።

«እንዴ» አለ የትምህርቱ ሰው፣ «እኛ ትምህርት ቤቱን የምንሠራው በስተምሥራቅ በኩል ነው።»

ጋቢና የተቀመጠው የከብቱ ሰው ቀስ ብሎ ዞረ። «ከብቱ ውኃ ወዳለበት ነው የሚሄደው» አለ። «ልጁ ደግሞ ከብቱ ወዳለበት። ታዲያ ትምህርት ቤትህ ማን ሊመጣልህ ነው?»

ልብ ብላችኋል? «ትምህርት ቤትህ» አለ። ለስንት ዓመት ጸንቶ የቆየው «እርስዎ» ከቱርሚ በታች ከመኪና ወድቆ ቀረ። ዞር ብሎ ያነሣውም የለም።

የትምህርቱ ሰው ቦርሳውን ከጉልበቱ አውርዶ እግሩ ሥር አኖረ። ከዚያ «በያመቱ ኅብረተሰቡ ልጆቹን አይልክም እያልኩ ሪፖርት ጽፌአለሁ» አለ። ድምፁ ውስጥ የነበረውን ጸጸት ዛሬም አልረሳውም። የውኃው ሰው «ጋሽ ዳና፣ እስቲ አቁምልን» አለ። አንዲት ግራር ሥር ቆምን። ሦስቱ ሹሞች ተቀመጡና በእንጨት አሸዋው ላይ ሰፈሩን፣ የከብቱን መንገድ፣ ወንዙን ሣሉ። ትምህርት ቤቱን አንሥተው ጉድጓዱ አጠገብ ተከሉት። የከብት ክትባቱን ወላጆች ከሚሰበሰቡበት ቦታ ጋር አገናኙት፤ ለካ እስከዚያን ጊዜ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ሰውን በአንድ ቀን በሁለት አቅጣጫ ይጠሩት ነበር። ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ ቃለ ጉባኤ ሳይያዝላት ውሳኔዋ የተፈጸመ ስብሰባ ግን ያቺን የግራር ሥሯን ብቻ ነው የማውቀው።

ካንጋተን ስንደርስ የኛንጋቶም ሽማግሌዎች ሦስቱ ከአንድ መኪና ሲወርዱ አይተው እርስ በርሳቸው ተነጋገሩና ሳቁ። ምን እንዳሉ አስተርጓሚውን ጠየቅነው። ትንሽ ካመነታ በኋላ «ወንድማማቾች ናችሁ ወይ ነው የሚሉት» አለን። «እስከ ዛሬ ለየብቻ እየመጣችሁ አንድ ጥያቄ ስትጠይቋቸው፣ የተጣላችሁ የአንድ አባት ልጆች መስላችኋቸው ነበር።» የአሸዋውን ሥዕል ሲነግሯቸው ሽማግሌዎቹ ጉድጓዱን ትንሽ ወደ ሰሜን አስጠጉት፤ የጎርፉን መንገድ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

ወሩ ያለ እንከን አለፈ አልላችሁም። አንዱ ሹም ስሙን ሳያስመዘግብ ብቻውን ሊወጣ ሲል በር ላይ ተመልሷል። አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ቀጠሮ አልፎበታል፤ ኩርፊያም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን አልዱባ በኩል የከብት በሽታ ተነሣ የሚል ስልክ መጣ። ዘነበች ከሰልፍ አውጥታ ያስቀመጠችው መኪና ነዳጁን እንደያዘ፣ ባለሙያውን ይዞ፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ወጣ። በሽታው ሳይዛመት ደረሱበት። የከብቱ ሰው በዚያን ቀን ግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲል አየሁት። ዘነበች ቢሮ በር ላይ ቆመ፣ ሊናገር አሰበ፣ ተወው፣ ሄደ።

በወሩ መጨረሻ ወደ እኔ ቢሮ መጣ። የግዥ ጥያቄ ተሸክሞ የሚመጣ ሹም ብዙ አይቻለሁ፤ ጥያቄውን ሊወስድ የመጣ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። «ያቺን ወረቀት ስጠኝ» አለኝ። ከፋይሉ አወጣሁለት። «ጥያቄያችንን ስበናል» ብሎ ጻፈበት፣ ፈረመበት፣ መልሶ ሰጠኝ። በሩ ላይ ሲደርስ «ለወይዘሮ ዘነበች አንተ ንገራት፤ እኔ አፍራለሁ» አለ። አልነገርኳትም። «ራስዎ ይንገሯት» አልኩት፤ ድፍረቴን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ነገራት። ምን እንዳላት አላውቅም፤ እሷ ግን በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ስምሪት ስትጽፍ ታፏጭ ነበር።

የጉድጓዱን የውኃ መሳቢያ ስንገዛም ሦስቱ ሹሞች አንድ ላይ ተቀምጠው ነው ምን ዓይነት እንደሚሆን ያዘዙት። አንዱ «በናፍጣ የሚሠራ ይሁን» አለ። ዘነበች ከበሩ ላይ «ናፍጣውን ማን ያመላልሰዋል?» ብላ ብቻ ጠየቀች። በፀሐይ የሚሠራ ተገዛ። ዛሬ ሄዳችሁ ብታዩ ከብቱ ይጠጣል፣ አጠገቡ ያለው ክፍል ውስጥ ልጆች ፊደል ይቆጥራሉ፣ ከሰማይ የሚወርደውን ብርሃን ደግሞ ማንም በበርሜል አይጭነውም። እኔ እዚያ በሄድኩ ቁጥር ያለ ምክንያት ደረቴ ይነፋል። ይነፋ፤ ሐቄ ነው።

የእኛ ነገር በአገሩ ተሰማ። አንድ ቀን ከሌላ ዞን ልምድ ሊቀስሙ እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረን። ርዕሱም «የመንግሥት ተሽከርካሪን በጋራ በመጠቀም ነዳጅና ጭስ መቀነስ» የሚል ነው። ግቢውን ጠረግን፣ የዘነበችን የጉዞ ሥዕል አስፍተን ግድግዳ ላይ ሰቀልን። በቀጠሯቸው ሰዓት እንግዶቹ ደረሱ። አምስት ኃላፊዎች ናቸው። በአምስት መኪና ነው የመጡት።

እኛ ጫማችንን አየን። ዘነበች ግን ምንም እንዳላየች ሆና አስተናገደቻቸው፣ አስረዳቻቸው፣ አስጎበኘቻቸው። እነሱም ከልባቸው ነበር፤ ማስታወሻ ያዙ፣ ጠየቁ፣ ተከራከሩ። ስንሰነባበት የቡድኑ መሪ «ይህ መልካም ነገር ነው፤ እኛ ጋ ከመቼ ብንጀምረው ይሻላል ይላሉ?» ብሎ ጠየቃት።

«ዛሬ ስትመለሱ» አለችው።

ሰውየው መኪኖቹን አያቸው፣ እሷን አያት፣ ጓደኞቹን አያቸው። እንደ እኛዎቹ ጋቢና ላይ ትንሽ ተግደረደሩና አምስቱም አንድ መኪና ውስጥ ገቡ። እጃችንን እያውለበለብን እስከ በር ሸኘናቸው። ወሬ ጀምረው ነበር፤ ሳቃቸው ይሰማል። አራቱ ባዶ መኪኖች ሾፌሮቻቸውን ብቻ ይዘው ከኋላቸው ተከታትለው ወጡ። ሹሞቹ አንድ ላይ ቢሳፈሩም መኪኖቹን ጂንካ ጥለው መሄድ አይችሉማ።

አቧራው እስኪበርድ ቆመን አየን። ወደ ዘነበች ዞር ብዬ ምን እንደምትል ጠበቅኩ።

«ለመጀመሪያ ቀን ምንም አይልም» አለችና ወደ ሥራዋ ገባች።